ራዲያተሩ ተቀየረ፣ መኪናዋ ግን ዛሬም ትፈላለች

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የምኖር መምህር ነኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1988 ስሪት የሆነች፣ በካርቡሬተር የምትሠራ ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከአባቴ የተረከብኳት ስትሆን እናቴን ለመጠየቅ በየወሩ ሸዋ ሮቢት እወርድባታለሁ። ስወርድ ምንም አትልም። ስመለስ ግን ደብረ ሲና ቆሎ ገዝቼ የጣርማበርን ዳገት እንደጀመርኩ የሙቀት መቁጠሪያዋ ቀዩን ይነካል፤ ውሃውም በማጠራቀሚያው በኩል ገንፍሎ ይወጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ተነቅሎ ተጣለ፣ ራዲያተሩ ተቀየረ፣ ቀጥሎም የውሃ ፖምፓው ተቀየረ። አሁን መካኒኩ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ይውረድ» እያለኝ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ «ከልጆቹ ጉሮሮ እየነጠቀች ነውና ሽጣት» ትለኛለች። ልሽጣት ወይስ ላሠራት?

መልስ፦ ለጊዜው አይሽጧት፤ ቴስታታውም አይውረድ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ዕቃ ተነቅሏል፤ ነገር ግን አንዱም ከመነቀሉ በፊት ተፈትሾ መበላሸቱ እንደተረጋገጠ የሚናገር መስመር አላገኘሁም። ያረጀ መኪና ባለቤቱን የሚያደኸየው አብዛኛውን ጊዜ በማርጀቱ ሳይሆን በግምት ስለሚጠገን ነው። ይህን የምለው በሙያው ጀማሪ ሳለሁ የአንድ ደንበኛዬን ቴስታታ በከንቱ ስላወረድኩና ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ ስለሚቆረቁረኝ ነው።

ከዘረዘሯቸው ዕቃዎች መካከል የራዲያተሩ ክዳን የለም። አዲስ ራዲያተር ሲገጠም አሮጌውን ክዳን መልሶ መክደን የተለመደ ስለሆነ፣ የእርስዎም እንዲያው ሆኖ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። የክዳኑ ሥራ ውሃው እንዳይፈስ መክደን ብቻ አይደለም፤ ውሃውን አፍኖ በመያዝ የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርገዋል። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ እዚያ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ የባቄላ ንፍሮ ከሸዋ ሮቢት ይልቅ ደጋው ላይ ብዙ እሳት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማበር ደግሞ 90 ሳይሞላ ይፈላል። የብዙ ኮሮላዎች ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ላይ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ጫና መያዝ ካቃተው፣ ሞተሩ በጤናው በሚሠራበት ሙቀትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል ስምንት ዲግሪ እንኳን አይኖርም ማለት ነው። ጤነኛ ክዳን ግን፣ አናቱ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ዓይነት ከሆነ፣ መፍያውን ጣርማበር ላይም ቢሆን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ይገልብጡት። በሞተር ሙቀት ፈጽሞ አይክፈቱት፤ ፊትዎን ይልጠዋል። ከሞላው ሥር የጎማ ቀለበት ያያሉ። ጎማው በጥፍር ሲጫኑት እንደ ደረቀ ቆዳ እምቢ ካለ፣ የራዲያተሩ አንገት በጥልቀት ከታተመበት፣ ወይም መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ተስባ ስትለቀቅ ወደ ቦታዋ ካልተመለሰች፣ ክዳኑ ሥራውን ጨርሷል። ሲገዙ ተመሳሳይ ቁጥር ያለውን ይግዙ፤ «ጠንካራ ነው» ተብሎ ከፍ ያለ ቁጥር ቢሰጥዎ አሮጌዎቹን የውሃ ቱቦዎች ስለሚያፈነዳ አይቀበሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የተጣለው ቴርሞስታት ነው። አንድ ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ እሱን መንቀል በአገራችን ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። በበርካታ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላኛው ጫፉ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚዞረውን አቋራጭ የውሃ መንገድ ይዘጋል። ከተነቀለ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር፣ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል በደብረ ብርሃን ብርድ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ባለው አጭር መንገድ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። አዲሱን ከማስገጠምዎ በፊት ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ይንጠልጥሉትና ያፍሉት፤ ከፍ ብዬ እንዳልኩት ውሃው በ90 ገደማ ስለሚፈላ፣ 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት ውሃው ሳይፈላ ሲከፈት በዓይንዎ ያዩታል።

ቬንትሌተሩ ሞተሩ ሲግል በራሱ መነሳቱን፣ የራዲያተሩ ክንፎችም በአቧራና በገለባ አለመደፈናቸውን ያረጋግጡ። አነዳድዎንም ያስቡበት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በ3,000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ገደማ ያጣልና ሸዋ ሮቢት አካባቢ በሦስተኛ ማርሽ የወጡትን ዓይነት ዳገት እዚያ በሁለተኛ መውጣት ግድ ይላል። ሞተሩ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ፖምፓው ውሃውን በዝግታ ስለሚያዞር ሙቀቱ ይከማቻል። መቁጠሪያው መውጣት ሲጀምር የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፤ ምቾት ባይሰጥም እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ያገለግላል። ከፈላም ዳር ይዘው ይቁሙ እንጂ የምንጭ ውሃ ቀድተው በጋለው ሞተር ላይ አይድፉ፤ ጤነኛ የነበረው ቴስታታ የሚሰነጠቀው ወይም የሚጣመመው ያን ጊዜ ነው።

መካኒኩ የጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን አይችልም አልልም፤ ደጋግሞ የፈላ ሞተር ጓርኒሲዮኑ ሊቃጠል ይችላል። ነገር ግን መቃጠሉ ሳይፈታ በእነዚህ ምልክቶች ይታወቃል። ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑን ከፍተው ሲያስነሱት ውሃው ውስጥ ማቋረጫ የሌለው አረፋ ይንቸከቸካል፤ ውሃው የትም ሳይንጠባጠብ ይጎድላል፤ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ማኪያቶ ይመስላል። የመጨረሻውን ምልክት ግን በጥንቃቄ ይመልከቱት፤ ቴርሞስታት በሌለው ሞተር በብርድ ወራት የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ ትንሽ ነጭ ቅባት ቢታይ ከአየሩ እርጥበት የመጣ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

የጉድጓድ ውሃ ራዲያተር ውስጥ አይጨምሩ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የራዲያተሩንም ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። የተጣራ ውሃና ኩላንት እኩል ለእኩል ተቀላቅለው ይግቡ፤ ዝገትን ይከላከላል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ውርጭም ውሃው አይረጋም።

ስለ ቁልቁለቱ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከጣርማበር 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ፍሬኑን ያለ ዕረፍት ረግጠው ከሆነ ሸራውም ዘይቱም ይግላሉ። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት ሲመጥ ግን ይህ ልክ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ያስቀይሩት፤ ሲወርዱም በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝልዎ።

ወደ መሸጡ እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ይህችን ሸጠው የሚገዙት ሌላው መኪና ያረጀና ታሪኩን የማያውቁት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የእርስዎን ግን ያውቋታል። አንድ ደብተር ይግዙና ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን ዕቃና የተቀየረበትን ምክንያት ይመዝግቡ። የተለያዩ ዕቃዎች በየተራ ከተቀየሩ ዕድሜ ነው፤ አንዱ ሕመም በአንድ ቦታ ከተመላለሰ ግን ምክንያቱ አልተገኘም ማለት ነው። እኔ ሽጧት የምለው ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች የታሰሩበት የወለሉ ብረት በዝገት ተበልቶ በመዶሻ ሲነካ ከተቦደሰ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምጽፈው። የናፍጣ ላንድክሩዘሬ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ትላለች። በስምንት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ገዝቼባታለሁ። ሦስተኛ ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ዋልታዎች ላይ ቮልቴጁ ይለካ፤ 14 አካባቢ ካልሆነ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም። ዲናሞው ደህና ከሆነ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጋቲቭ ገመድ ያስፈቱና ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ያስፍቁት፤ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ካስዞሩ በኋላ መገጣጠሚያው በእጅ ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ ጉልበቱ የሚባክነው እዚያ ነው። ከዚያም ካንዴሌታዎቹ (የናፍጣ ሞተር ሲነሳ ውስጡን የሚያሞቁት) አንድ በአንድ ይፈተሹ፤ በእርስዎ አገር ብርድ አንዱ እንኳን ቢቃጠል ሞተሪኖው ረጅም ጊዜ መዞር ስለሚኖርበት አዲሱን ባትሪ ያደክመዋል። ሁለቱን አሮጌ ባትሪዎች እስካሁን ካልጣሏቸው ቻርጅ ተደርገው ይለኩ፤ ቢያንስ አንዱ ደህና ሊሆን ይችላል።