የሠርግ ፉቴጅ በዳቪንቺ ሪዞልቭ እንዴት ይደራጅ? ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ጠያቂያችን በሦስት ካሜራና በአንድ ድሮን የተቀረፀ የሠርግና የመልስ ፉቴጅ (ጥሬ ቪዲዮ) ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ካስገቡ በኋላ አንድ ክሊፕ በፈለጉ ቁጥር ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ለማየት እንደሚገደዱ ገልጸው፣ በቢን (ሶፍትዌሩ ውስጥ ክሊፖች በሚቀመጡበት ፎልደር) መከፋፈል ይሻላል ወይስ ኪይወርድ (መፈለጊያ ቃል) መስጠት ሲሉ ጠይቀዋል። ለዓመታት የሠርግ ኤዲት ስሠራ እንደቆየሁ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ እላለሁ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። ቢን ክሊፑ ከየት እንደመጣ ያሳይ፣ ኪይወርድ ደግሞ በውስጡ ምን እንዳለ ይናገር። «ኬክ»፣ «ጭፈራ»፣ «እናት» የሚሉ ቢኖችን የከፈተ ሰው፣ የሙሽሪት እናት ኬክ ሲቆረስ ሲያለቅሱ የሚያሳየውን ክሊፕ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ኪይወርድ ከሆነ ግን አንዱ ክሊፕ ሁለቱንም መያዝ ይችላል።

ሥራው የሚጀምረው ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። የሶኒ ካሜራዎች ፋይሎቻቸውን «ሲ 0001» እያሉ ስለሚሰይሙ፣ የሁለት ካርዶች ፋይሎች ተመሳሳይ ስም ይዘው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካርድ ቀኑን፣ ካሜራውንና የካርዱን ቁጥር የያዘ የራሱ ፎልደር ይክፈቱለት። ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጦ ከማውጣት ይልቅም የካርዱን ይዘት እንዳለ መገልበጥ ይሻላል። በሪዞልቭ የሚዲያ ገጽ ላይ ያለው ክሎን ቱል የተባለው የመገልበጫ መሣሪያ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን እያረጋገጠ ስለሚገለብጥ ካርዱን ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ቢጠቀሙበት መልካም ነው። ፋይሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ከሪዞልቭ ውጭ ስሙን መቀየር ክሊፑን «ሚዲያ ኦፍላይን» (ሶፍትዌሩ ፋይሉን የማያገኘው) ስለሚያደርገው፣ ሌላ ስም ካስፈለገ ሚዲያ ፑል (የገቡት ክሊፖች የሚታዩበት ቦታ) ውስጥ የክሊፑን መጠሪያ ብቻ ይቀይሩ። የካሜራዎቹንም ሰዓት ከቀረፃው በፊት ያስተካክሉ፤ አንዱ ካሜራማን በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጆቹ 9 ሰዓት ብሎ ከሞላ፣ ክሊፖቹ በሰዓት ሲደረደሩ የአዳራሹ መግቢያ ከሙሽሪት ቤት ዝግጅት ጋር ይደባለቃል።

ኪይወርድ የሚሰጠው የሜታዳታ (ስለ ክሊፑ የሚሞላ መረጃ) መስኮቱን ከፍቶ «ሾት ኤንድ ሲን» የሚለውን ክፍል በመምረጥ ነው። ብዙ ክሊፖችን በአንድ ጊዜ መርጦ አንድ ኪይወርድ መስጠትም ይቻላል፤ ሆኖም እንዲህ ሲሆን «ሴቭ» መጫን አይዘንጋ። በእኔ አስተያየት ኪይወርዶቹ ጥቂት መሆን አለባቸው፦ ሰውን የሚያሳዩ እንደ ሙሽሪት፣ እናት፣ ሚዜ፤ ክንውንን የሚያሳዩ እንደ ተክሊል፣ ምርቃት፣ ኬክ፣ ቅልቅል፤ በመጨረሻም «ምርጥ» የሚል አንድ መለያ። ሃምሳ ዓይነት ኪይወርድ የሚፈጥር ኤዲተር ራሱ የጻፈውን አያስታውስም። ፊደሉንም አንድ ዓይነት ያድርጉት፤ በ«ሠ» የተጻፈው ሠርግ በ«ሰ» ሲፈለግ አይገኝም።

ይህ ከተጠናቀቀ በኋላ ስማርት ቢን ልፋትዎን ይክሳል። «ኪይወርዱ ምርቃት የሆነ፣ ደግሞም አያት ያለበት» የሚል መስፈርት ከሰጡት ክሊፖቹን ራሱ ይሰበስባል፤ በኋላ የሚጨመሩትም መስፈርቱን ካሟሉ ያለ ተጨማሪ ሥራ ይገባሉ። ቪዲዮውን ካስረከቡ ከወራት በኋላ ቤተሰቡ ደውሎ «አያታችን የመረቁበትን ለብቻው ቁረጥልን» ማለቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ጥቅሙ በተለይ ያን ጊዜ ይታያል።

ረጅም ክሊፖች ግን ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ካሜራው በትራይፖድ ላይ ቆሞ የተክሊሉን ሥርዓት ሳያቋርጥ ከቀረፀ፣ ለክሊፑ የተሰጠው ኪይወርድ ቀለበቱ የት ደቂቃ ላይ እንደሚደረግ አይነግርዎትም። ክሊፑን በሶርስ መመልከቻው ከፍተው እያዩ በተፈላጊው ቦታ ላይ «ኤም» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ማርከር (ቦታውን የሚጠቁም ምልክት) ይቀመጣል፤ ደግመው ሲጫኑት ደግሞ ስምና ማስታወሻ የሚጻፍበት መስኮት ይከፈታል። ይህን ታይምላይኑ (ክሊፖቹ በቅደም ተከተል የሚገጣጠሙበት መስመር) ላይ መቁረጥ ከመጀመርዎ በፊት፣ በመጀመሪያው እይታ ቢያደርጉት እመርጣለሁ፤ መቁረጥ ከተጀመረ ወደ ኋላ ተመልሶ መለያ የሚሰጥ ሰው ብዙም አላየሁም።

እነዚህ መለያዎች የሚቀመጡት በሪዞልቭ የፕሮጀክት ማኅደር ውስጥ እንጂ በቪዲዮ ፋይሉ ላይ አይደለም። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ፉቴጁ በሃርድ ዲስክ ተርፎ ኪይወርዶቹ ሊጠፉ ይችላሉ። ስለሆነም ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርገው ከፉቴጁ ጋር በአንድ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ፤ «ፋይል» ከሚለው ሜኑ ውስጥም የሚዲያ ፑሉን ሜታዳታ በሲኤስቪ (በሠንጠረዥ መልክ በሚከፈት ፋይል) ማውጣት ስለሚቻል፣ እሱንም እዚያው ጎን ያኑሩት።