ስክሪንሾቱ ተነስቷል፤ ገጹስ ተከፍቷል?

አንዲት አንባቢ ከአዲስ አበባ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። የደንበኞቻችን ባነር የወጣባቸውን 12 ገጾች በየጠዋቱ ከፍቼ ስክሪንሾት አነሳለሁ፤ ከዚያ ዎርድ ላይ ለጥፌ ሪፖርት እልካለሁ። ሲሰለቸኝ በፓይተንና ብሮውዘርን በኮድ በሚያዘው በፕሌይራይት ስክሪፕት ጻፍኩ። ላፕቶፔ ላይ ቆንጆ ይሠራል። ጀርመን ያለ ሰርቨር ተከራይተን ስጭነው ግን አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆነ። ከታች ያሉት ምስሎች ባዶ ናቸው። ጠዋት 3 ሰዓት ያልኩት ቀን 6 ሰዓት ላይ ይነሳል። በእኛ ባነር ቦታም አንዳንዴ የማላውቀው ማስታወቂያ ይመጣል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ኮድሽ ብዙም ጥፋት ያለበት አይመስለኝም። የአራቱም ችግሮች ምንጭ አንድ ነው፤ ሰርቨሩ አንቺ የምታዪውን አያይም። ፊደሉ የለውም፣ ሰዓቱ ሌላ ነው፣ ገጹን እንደ አንቺ ወደ ታች ወርዶ አያይም፣ ያለበት አገርም ሌላ ነው።

ሳጥኖቹ የፎንት ጉዳይ ናቸው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ፎንት ይዞ ስለሚመጣ ላፕቶፕ ላይ ችግሩ አይታይም። አዲስ የተከራዩት የሊኑክስ ሰርቨር ግን ብዙ ጊዜ የእኛን ፊደል የያዘ አንድም ፎንት የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኚበት፤ ብሮውዘሩንም እንደገና አስነሺው። በዚያው ያልቃል። ፎንት ሲለያይ ግን መስመሩ የሚሰበርበት ቦታም ይለያያል። ስለዚህ የትናንቱን ከዛሬው የምታወዳድሪ ከሆነ ሁለቱም እዚያው ማሽን ላይ የተነሱ ይሁኑ።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሦስት አቆጣጠር ነው የሚጋጨው። ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጅ 9 ነው፤ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በዩቲሲ ደግሞ 6። ሰርቨርሽ በዩቲሲ ይሄዳል፤ አንቺ ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ክሮን ላይ 9 ብለሻል። የዩቲሲ 9 እኛ ጋ ቀን 6 ሰዓት ነው። 6 ብለሽ አስተካክዪው። አገራችን በበጋና በክረምት ሰዓት ስለማትቀይር ዓመቱን ሙሉ አይዛነፍም። ሰርቨሩን ግን ወደ ጀርመን ሰዓት እንዳታዞሪው፤ እነሱ በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ። ስክሪፕቱ ውስጥም የብሮውዘሩን የሰዓት ቀጠና አዲስ አበባ አድርጊ። ለፋይል ስም የፈረንጁን ዓመት፣ ወርና ቀን በዚሁ ቅደም ተከተል ተጠቀሚ፤ ፋይሎቹ በራሳቸው ይደረደራሉ። ደንበኛው የሚያነበው ሪፖርት ላይ የእኛን ቀን ጻፊለት።

ባዶዎቹ ምስሎች ሰነፍ አይደሉም፤ ሰው እስኪደርስባቸው ነው የሚጠብቁት። ብዙ ድረ ገጾች ኢንተርኔት ለመቆጠብ የታችኛውን ምስል አንባቢው ወርዶ እስኪደርስበት አያመጡትም። ሙሉ ገጹን አንሳ ስትዪው ብሮውዘሩ ወርዶ አያውቅም። ስለዚህ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ገጹን ቀስ እያለ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ ታች ይውረድ። ከዚያ ወደ ላይ ይመለስና ያንሳ። «አምስት ሰከንድ ጠብቅ» ብለሽ አትለፊው፤ ኢንተርኔት በከበደ ቀን አምስቱ አይበቃም፣ በፈጠነ ቀን ደግሞ ትርፍ ነው። «ኔትወርኩ ጸጥ እስኪል ጠብቅ» የሚለው ምርጫም ማስታወቂያ ባለበት ገጽ ላይ አያዋጣም። እነዚያ ገጾች ብዙ ጊዜ ጸጥ አይሉም፤ ፕሌይራይት በልማዱ 30 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት ይልሻል። የምትፈልጊው ባነሩን ነው፤ እንግዲያው ባነሩ ራሱ እስኪመጣ ጠብቅ በዪው።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የሳምንት ሪፖርት እልክ ነበር። ስክሪፕቴ በየቀኑ «ተሳክቷል» ይለኛል፣ እኔም አምኜ እልካለሁ። ደንበኛው ደውሎ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ ፋይሉን ከፈትኩት። ሰባቱም ምስሎች «ገጹ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ነበሩ። የስህተት ገጽም ገጽ ነው፤ ቁልጭ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላጣራ ምስል አላስቀምጥም። ድረ ገጹ የመለሰው ቁጥር 200፣ ማለትም «ገጹ ተገኝቷል» የሚለው ነው? ገጹ ላይ መኖር ያለበት ቃል አለ? ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ምስሉ «ያልተሳካ» የሚል ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ለእኔም መልእክት ይመጣልኛል። ያልተሳካውን አታጥፊው። ድረ ገጹ ወድቆ ከነበረ ደንበኛሽ ማወቅ አለበት፤ ማስረጃውም ያ ምስል ነው።

ወደ እንግዳው ማስታወቂያ ስንመጣ፣ ይሄን ኮድ አይፈታውም። ማስታወቂያ የሚያቀርቡ ሥርዓቶች ጎብኚው ከየት አገር እንደመጣ አይተው ነው የሚመርጡት። ሰርቨርሽ ጀርመን ነው፤ ስለዚህ ለጀርመን ጎብኚ የተዘጋጀው ሊመጣለት ይችላል። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ የሚያየውን ማሳየት ከፈለግሽ ማሽኑ አዲስ አበባ መሆን አለበት። ቢሮ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ዩፒኤስ አድርገሽለት አስቀምጪ፤ ለ12 ገጽ ከበቂ በላይ ነው። የጀርመኑ ሰርቨር የደንበኞቻችሁ ድረ ገጽ ከውጭ ሲታይ መክፈቱን ለመከታተል ይሁን። ዲያስፖራ ደንበኛ ላለው ይህም ይጠቅማል።

አገር ውስጥ ሆነሽም ባነሩ ሊጠፋብሽ ይችላል፤ አንድ ቦታ ለብዙ ድርጅት በተራ ይሸጣልና። ተራው የሌላ ሲሆን ያነሳሽው ምስል ባነሩ አልወጣም ማለት አይደለም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ በተለያየ ሰዓት አንሺና ስንቱ ላይ እንደታየ እንዳለ ጻፊ። «ከአራቱ በሦስቱ ታይቷል» ብትዪ ሐቀኛ ሪፖርት ነው። ባነሩ እስኪመጣ ገጹን ደጋግሞ የሚከፍት ስክሪፕት ግን እባክሽ አትጻፊ። አንደኛ፣ መጥፎዎቹን ጥለሽ ጥሩውን ብቻ መላክ ደንበኛውን ማሳሳት ነው። ሁለተኛ፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር እንደ አንድ እይታ ሊቆጠር ይችላል። በእይታ ብዛት የሚከፍል ደንበኛ ካላችሁ፣ ስክሪፕትሽ የሚከፍተውን ሁሉ የሚከፍለው እሱ ነው።