የፍየል ወተትም ላክቶስ አለው

ወደ ፍየል ወተት ቀይሬም ሆዴ መነፋቱን አልተወም ላልከው፣ የፍየሉም ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ስላለው ነው። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ግራም ይጠጋል፣ የፍየሉ ከ4 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ለሆድህ ያው ነው በለው። ቅባቱ የወጣለት ወተትም አያድንህም፣ የሚቀንሰው ስቡ እንጂ ስኳሩ አይደለም፣ ማፍላትም አያጠፋውም።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. ለሁለት ሳምንት ላክቶስ የሌለው ወተት ብቻ ጠጣ። ጣፈጥ ይልሃል፣ ስኳር የጨመሩበት እንዳይመስልህ፣ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ገብቶበት ላክቶሱ ቀድሞ ስለተሰባበረ ነው።

2. ከተሻለህ እርጎ ሞክር፣ ባክቴሪያዎቹ የተወሰነውን ስለሚበሉት ለብዙ ሰው ይስማማል። ብዙ ወር የቆየ ደረቅ አይብማ ላክቶሱ ከቁጥር አይገባም።

3. ተራ ወተት ካማረህ ግማሽ ብርጭቆ ከምግብ ጋር፣ በባዶ ሆድ ግን ተው።

የአጃና የአኩሪ አተር ወተት ላክቶስ የላቸውም፣ ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን ብቻ ካርቶኑ ላይ አንብብ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የእህቴ ልጅ ላክቶስ የሌለው ወተት እየጠጣች ከንፈሯ ሲያብጥና ሰውነቷ ሽፍ ሲል ወተቱ ገና አልለመዳትም እያልን ከረምን፣ ለካ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ ላክቶስ የሌለውም የፍየሉም አይሆንም። እብጠት፣ ሽፍታ ወይ ትንፋሽ ማጠር ካየህ ሙከራውን እዛው አቁመህ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂድ።