«ሌሊት ካልሆነ አይጻፍልኝም» ላለችው የፔዳ ተማሪ

እህቴ፣

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የጂኦግራፊና አካባቢ ጥናት የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በጣና ዓሣ አስጋሪዎች ላይ ያደረሰውን ጉዳት መርጠሻል። ፕሮፖዛልሽ ከጸደቀ ወራት አልፈዋል፤ አንድ ገጽ ግን አልጻፍሽም። እስከ ዛሬ አሳይመንት የምትሠሪው ማስረከቢያው ሲደርስ፣ ሌሊቱን በቡና ነቅተሽ እንደሆነ ነግረሽኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ «8 ሺህ ብር ልላክልሽ፣ ለሚጽፍ ሰው ስጪና አንቺ ለመውጫ ፈተናው አጥኚ» ብሎሻል። አባትሽ ደግሞ ባንክ እንድትገቢ ይፈልጋሉ። የእንግሊዝኛሽና የማስተርሱ ነገርም ያሳስብሻል።

በሰፊው የምመልስልሽ ስለ ሌሊቱና ስለ 8 ሺህ ብሩ ነው፤ ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸውና። ጽሑፍ የሚገዛ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ብዙው እንደ አንቺ በአንድ ሌሊት መጻፍ የለመደ ነው። አምስት ገጽ አሳይመንት በአንድ ሌሊት ይወጣል፣ ውጤትም ያመጣል፤ ተማሪውም «እኔ የምሠራው ሲጨንቀኝ ነው» ብሎ ያምናል። ሃምሳ ገጽ ሲመጣ ያ ልማድ አይሠራም። ቀኑ ይገፋል፣ ከአማካሪ መደበቅ ይጀመራል፣ በመጨረሻም የሚጽፍ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ ሁሉ ጽሑፍ ሻጭ አይጠፋም፤ ለአንቺ የሚሰጥሽንም ስምና ቦታ ቀይሮ ለሌላ ከመሸጥ የሚያግደው የለም።

ወንድምሽ ይህን ያለው ከፍቅር ነው፣ አልጠራጠርም። ግን ተሳስቷል። ለእሱ ጽሑፉ ጋዋን ለመልበስ የሚሟላ ወረቀት ነው። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «እነዚህን አስጋሪዎች ለምን መረጥሽ? ሌሎቹን ለምን ተውሽ?» ሲልሽ ግን ወንድምሽ አጠገብሽ አይቆምም፤ የጻፈልሽም ሰው አይኖርም። ያንን ቀን እንደምንም ብታልፊው እንኳ ሥራ ላይ ይጠብቅሻል። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት እዚሁ ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ውስጥ በባለሙያነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ወረዳ ወርደን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁሉም ያየውን እየተቀባበለ ያወራል። ቢሮ ገብተን «ሪፖርቱን ማን ይጻፈው?» ሲባል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ብዕር የሚያነሳው ሰው ነው ኋላ ስብሰባ ላይ የሚጠራው፣ ለሥልጠና የሚላከው፣ ፕሮጀክት ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው። ይህን የምትለማመጂበት፣ ስትሳሳቺም አማካሪ የሚያርምሽ፣ ደመወዝሽም የማይነካበት ጊዜ አሁን ነው። በ8 ሺህ ብር አትሽጪው።

አሁን ወደ ልማዱ። ሌሊቱን ተዪውና ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለውን ያዢ። የዶርም ልጆች ገና አልተነሡም፣ ስልክሽም አይጠራም፣ ቀኑ ስለነጋ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ አይሰጥሽም። ኮምፒዩተር አትክፈቺ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃሻል። ማታ ከመተኛትሽ በፊት በገጹ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፊ፦ «እምቦጩ ሲመጣ መረባቸውን ምን አደረጉት?» ጠዋት ሌላ ሳታነቢ ለዚያች ጥያቄ መልስ ጻፊ። የማታውቂው ቁጥር ወይም ስም ሲያጋጥምሽ «ይፈለግ» ብለሽ ምልክት አድርጊና እለፊ፤ ፍለጋው የከሰዓት ሥራ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ እጅሽ እየፈጠነ ቢሆንም አቁሚ። ሐሳቡ ሳያልቅ ያቆመ ሰው በማግስቱ ከየት ልጀምር ብሎ አይቸገርም። በቀን ግማሽ ገጽ ከጻፍሽ በ60 ቀን 30 ገጽ ነው። እሑድ እሑድ የሳምንቱን ታይፕ አድርጊ፤ ፋይሉን ፍላሽ ላይም ኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪ።

አንድ ነገር አጥብቄ የምነግርሽ፦ ምዕራፍ አንድን አሁን አትንኪው። ተማሪ ሁሉ የሚቀረው እሱ ላይ ነው። ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሰፋ፣ እምቦጩ በ2004 ዓ.ም. ገደማ እንደታየ፣ ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ እንደተመዘገበ ከአንቺ በፊት ብዙ ሰው ጽፎታል። እዚያ ስትጀምሪ ሳታውቂው መገልበጥ ትጀምሪያለሽ። የራስሽ የሆነው አስጋሪው የሚነግርሽ ነው፤ ከእሱ ተነሺ።

ርዕስሽንም አጥብቢው። እምቦጩ የበረታው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። «የጣና አስጋሪዎች» ካልሽ ማንኛዎቹ? እዚያ ድረስ መሄድ ካልቻልሽ ዓሣቸውን ባሕር ዳር የሚያወርዱትን ብቻ ያዢ። ድሮና ዛሬ ምን ያህል ርቀው እንደሚሄዱ፣ ከቆሮሶ፣ ከአምባዛና ከነጭ ዓሣ የትኛው እንደቀነሰባቸው፣ የጀልባ ሞተራቸው በእምቦጩ ተይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂ። ማለዳ ዓሣ ሲወርድ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው፤ ያኔ አታስቸግሪያቸው፣ ሸጠው ሲያርፉ ጠይቂያቸው። በዚያኑ ዕለት ማታ የነገሩሽን በራሳቸው አፍ፣ በአማርኛ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። ካደረ ቃላቸው ይጠፋና የአንቺ ቃል ይተካዋል።

የእንግሊዝኛሽ መልስም እዚሁ ውስጥ አለ። መጀመሪያ በአማርኛ አስቢና ጻፊ፣ ከዚያ አጫጭር ዓረፍተ ነገር እያደረግሽ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። ቻትጂፒቲን የጻፍሽውን ሰዋስው ለማቃናት ብትጠቀሚበት፣ ግቢሽ የሚፈቅደው ከሆነ፣ አልቃወምም። ራሱ እንዲጽፍልሽ ግን አትፍቀጂለት፤ የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ ዋቢ አድርጎ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ከሰው ጽሑፍ ስታነቢ ደግሞ ከሁሉ በፊት የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን ጻፊ።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሁሉም ተመራቂ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 ነው። ከሰዓቱን ለእሱ ስጪ፣ ከጓደኞችሽ ጋር እየተጠያየቃችሁ አጥኑ። ማስተርሱ ይቆይ፤ አንድ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ ሆነሽ የትኛው ጥያቄ እንደሚያንገበግብሽ ስታውቂ ተመለሺበት።

ስለ ባንኩ አባትሽን አክብሬ ግን ሳላለዝብ ልናገር። ባንኮች ማስታወቂያ ሲያወጡ በብዛት የሚጠይቁት አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንትና ኢኮኖሚክስ ነው። የጂኦግራፊ ተመራቂ ያንን በር ስታንኳኳ ዓመት ሊያልፋት ይችላል። አባትሽ የሚፈልጉት በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ነው፣ እሱም ተገቢ ነው፤ ባንክ የሚሉት የሚያውቁት የወር ደመወዝ እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ስለ ሐይቁ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች ባሕር ዳር ውስጥ አሉ፤ እነሱ ዘንድ ስትቀርቢ ስለ አስጋሪዎቹ ራስሽ የጻፍሽውን ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ለአባትሽ ይህን በዝርዝር፣ ደመወዙንም ጨምረሽ አስረጂያቸው።

ለወንድምሽ ዛሬውኑ ደውዪለት። 8 ሺውን ተወውና ለትራንስፖርት፣ ለፕሪንትና ለጥረዛ የሚሆን 2 ሺህ ብር ላክልኝ በዪው። ማታ የነገዋን ጥያቄ ደብተርሽ ላይ ጻፊና ተኚ። በሳምንቱ መጨረሻ ከጻፍሽው ሁለት ገጽ በወረቀት አትመሽ አማካሪሽ ቢሮ ግቢ፤ ስለ ጠፋሽባቸው ወራት ረጅም ይቅርታ አታብዢ፣ ገጾቹን ስጫቸውና መቼ ልመለስ ብለሽ ቀን አስቆርጪ።