ጅሬን ዳገት ላይ ዕቃ ስለማስጫን

ወንድሜ፣ ጅማ፣ ጅሬን ዳገቱ ላይ ለተከራየኸው ቤት አይሱዙ በር ድረስ ይገባል ወይ ላልከው፣ እኔ አይመስለኝም። መጀመሪያ ጫኞቹን በእግር ወስደህ ቅያሱን አሳያቸው፤ በስልክ የተቆረጠ ዋጋ ዳገቱ ሥር ሲደረስ ይቀየራል። እኔ የገባሁት በክረምት ነው። ጎማው በዚያ ቀይ ጭቃ እየተንሸራተተ መኪናው መሃል መንገድ ቆመ፣ ቁም ሳጥኑን አራት ሰው ተሸክሞ ሲወጣ የአንዱ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ። "ይሄ በውላችን የለም" ብለው ሌላ ብር ጠየቁኝ፤ እውነትም አልነበረም። ስለዚህ "እስከ ሳሎን" ብለህ ተዋዋል። አልጋና ቁም ሳጥን ቀድመህ አስፈታ። ትንንሹን ዕቃ ባጃጅ ያመላልስልሃል፣ ፍሪጁን ግን አደራ አስተኝተህ እንዳትጭን። ከቻልክ ደግሞ ኅዳርን ጠብቅ።