ትራንስፖርት ቢሮ ስንሄድ የትኛውን በር እናንኳኳ? ለቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እሁድ ዕድር ላይ የታክሲው ሰልፍ ወሬ ተነሳ። ሁሉም «ቢሮ ኃላፊው ምን እየሠራ ነው?» ይላል። እኔ ደግሞ በከተማችን በአዲስ አበባ ትራንስፖርት ውስጥ በስምሪት ባለሙያነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጥያቄያችሁን በወረቀት ጻፉልኝ አልኩ፤ ጻፋችሁልኝ። እነሆ መልሱ።

ጋሼ፣ ለመሆኑ የትራንስፖርት ቢሮ ኃላፊ ሥራው ምንድነው? ስብሰባ ብቻ ነው?

ስብሰባው ይበዛል፣ እውነት ነው። ቢሮ ኃላፊ ማለት ከንቲባ የሚያቀርበውና ምክር ቤት የሚያጸድቀው የካቢኔ አባል ነው። ሹመት ነው እንጂ ተወዳድሮ የሚገባበት የሥራ መደብ አይደለም። አውቶቡስ ይገዛ፣ ተርሚናል ይሠራ የሚል ሐሳብ ይዞ ካቢኔ ይገባል። ገንዘቡን የያዘው ግን ሌላ ቢሮ ነው። ስለዚህ የኃላፊው ትልቁ ሥራ ማሳመን ነው። ካቢኔ ውስጥ ስለ ዳር ሰፈር የሚከራከር ኃላፊ ካገኘን አውቶቡስ እናገኛለን። ዝም የሚል ከሆነ መሀል ከተማው ይወስደዋል።

ከሱ ስር ምክትሎች አሉ፣ ከነሱ ስር ዳይሬክተሮች። ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን የስምሪቱን ሥራ የሚመራው ሰው ነው። ጠዋት ስንት አውቶቡስና ስንት ታክሲ ወደዚህ ይመጣል የሚለው ነገር እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያልቀው።

ልጄ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቼ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ሰልፍ ላይ ነኝ። ታፔላው ሳሪስ ይላል፣ ሾፌሩ ቃሊቲ ላይ ያወርደናል። ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ። ለማን ልናገር?

እትዬ፣ ይሄ ጥያቄ እኔንም ለዓመታት እንቅልፍ የነሳኝ ነው።

አቤቱታዎን መጀመሪያ የሚያቀርቡት ለክፍለ ከተማችን፣ ለአቃቂ ቃሊቲ፣ የትራንስፖርት ቅርንጫፍ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የወረዱበትን ቦታ ይጻፉ። «አንድ ታክሲ» ብለው ከሄዱ ማንም ምንም አያደርግም።

ግን ነገሩ ሾፌሩን በመቅጣት ብቻ አያልቅም። ጠዋት ከዚህ የሚወጣው ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ታክሲው ሲመለስ ባዶውን ነው። መንገዱ ደግሞ ይዘጋጋል። ሳሪስ ድረስ አንዴ ከመሄድ ቃሊቲ ድረስ ሁለቴ መመላለስ ያዋጣዋል። ይሄ የገባው ኃላፊ በተራ አስከባሪና በቅጣት ብቻ አይተማመንም። በዛች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ብዙ ሰው የሚያነሳ ትልቅ አውቶቡስ ይመድባል።

አንድ ነገር ልንገርዎት። አንድ ሰሞን ደብተር ይዤ ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እቆጥር ነበር። አንዲት ሴት የልጇን ምሳ ዕቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። ሦስት ታክሲ አመለጣት። አራተኛው ሲመጣ ጉልበተኛ ወንዶች ቀደሟት። ከዛ ሰልፉን ትታ በእግሯ ሄደች። ደብተሬን አየሁት። ቅጹ ላይ «የተሳፈረ» የሚል ዓምድ አለ። «ትቶ የሄደ» የሚል የለም። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሲሄድ አራቱም ታክሲ ሞልቶ ወጣ ይላል። ሴትየዋ የትም የለችም። ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ያንን ሪፖርት የሚያነብ ኃላፊ ሁሉ ነገር ደህና ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ለዚህ ነው ኃላፊ በወር አንዴ እንኳን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ ሰልፍ ላይ ይቁም የምለው።

ባቡሩ ለምን ቃሊቲ ላይ ቀረ? ቢሮ ኃላፊው አላሰበንም?

ባቡሩ የሱ አልነበረም። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር በፌዴራሉ የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ስር ነው የነበረው። መስመሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከጦር ኃይሎች አያት፣ አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ሁለቱ ሲደመሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚሁ ደጃችን ላይ የሚጀምረው የአዳማ ፍጥነት መንገድም የፌዴራል ነው። ከተማው አያዝበትም።

ታሪፍ የሚጨምረው ማነው?

የነዳጁን ዋጋ የሚያሳውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ያ ሲጨምር የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ የታክሲውን ታሪፍ በርቀት አስልቶ ያወጣል። ወያላው ከዛ በላይ ከጠየቃችሁ ሕገ ወጥ ነው።

ትምህርት ቤቱ ጋ ዜብራ እንዲቀባልን ጠይቀን መልስ አጣን።

ዜብራ፣ የትራፊክ መብራት፣ የፍጥነት መቀነሻ፣ እነዚህ ትራፊክ ማኔጅመንት የሚባለው የከተማው መሥሪያ ቤት ሥራ ናቸው። አስፋልቱን የሚሠራው የመንገዶች ባለስልጣን ነው፤ እሱ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ጥፋተኛውን የሚቀጣው የትራፊክ ፖሊስ ደግሞ የፖሊስ ኮሚሽን ነው። ሦስቱም የየራሳቸው አለቃ አላቸው።

እኔ ራሴ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ሳምንት ተመላለስኩ። «ነገ ተመለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው» እየተባልኩ። በመጨረሻ «ይሄ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። መጀመሪያ ቀን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ሕፃናት በየቀኑ የሚሻገሩበት መንገድ ነው። ደብዳቤውን ለትራፊክ ማኔጅመንት ብላችሁ ጻፉ፣ ለክፍለ ከተማውም ግልባጭ አድርጉ። ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ገላን ነው የምሠራው። ከዚህ ቀጥታ ታክሲ ለምን የለም?

ገላን በኦሮሚያ ሥር ባለው በሸገር ከተማ ነው። አንተ በእግርህ ስትሻገር ድንበሩ አይታይህም፤ ታክሲው ግን ፈቃዱ የተሰጠው በአንዱ አስተዳደር ነው። መስመሩ የሚከፈተው የሁለቱ አስተዳደር የትራንስፖርት ኃላፊዎች ተቀምጠው ሲስማሙ ነው። የዳር ሰፈር ሰው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በጥያቄያችሁ ውስጥ ይሄን ለብቻው ጻፉት።

ልጄ ሲቪል ምህንድስና እየጨረሰች ነው። ይሄ ሥራ ለሴት ይሆናል? ከፍ ያለ ቦታ ትደርሳለች?

ይሆናል እንጂ! በ2011 የሚኒስትሮች ካቢኔው ግማሹ ሴት ሲሆን የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ ነበሩ። ልጅሽ ከባለሙያነት ትጀምር። ቡድን መሪነት አለ፣ ከዛ ዳይሬክተርነት። 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመንገድና ትራንስፖርት ምህንድስና ማስተርስ ይሰጣል፤ እሱን ብትይዝ ይጠቅማታል። ሹመቱን ማንም ቃል ሊገባላት አይችልም። ሙያውን ግን ማንም አይወስድባትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቢሮ ሳይሆን ፌርማታ ላይ እንድታሳልፍ ምከሪያት።

ኮሚቴ መርጠን ቢሮው ልንሄድ ነው። ምን ይዘን እንሂድ?

«የትራንስፖርት ችግር አለብን» የሚል ደብዳቤ ይዛችሁ አትሂዱ። እንደዛ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። ቁጥር ያዙ። አንድ ሙሉ ሳምንት፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ በየሩብ ሰዓቱ ስንት ሰው ሰልፍ ላይ እንዳለ፣ ስንት ታክሲ እንደመጣ፣ ስንቱ ታፔላውን እንዳላከበረ፣ ስንት ሰው ትቶ በእግሩ እንደሄደ።

ቅጹን አዘጋጅቻለሁ፤ «ትቶ የሄደ» የሚለው ዓምድ መጀመሪያ ላይ ነው። ቅዳሜ ፎቶ ኮፒ አስደርጋለሁ። ለጠዋቱ ፈረቃ ገና አራት ሰው ይጎድለናል። የምትችሉ ስማችሁን ለዕድሩ ጸሐፊ ስጡ።