መጀመሪያ ካሴቱ፣ ቀጥሎ ኢርፎኑ፣ ማጫወቻው መጨረሻ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። አባቴ ሠላሳ የሚሆኑ ካሴቶች አሉት። ገሚሶቹ አምባሰልና ባቲ፣ ገሚሶቹ መንዙማ ናቸው። አምና አንድ ሙዚቃ ቤት ወስጄ ወደ ሚሞሪ አስገለበጥኳቸው። በስልኬ ስሰማቸው ግን ድምፁ ያስጠላል። ጭብጨባው ሲመጣ ሁሉም ነገር ሽሽሽ ይላል፣ ማሲንቆው ቆርቆሮ የሚፋቅ ነው የሚመስለው። ጓደኞቼ «ስልክ ለሙዚቃ አይሆንም፣ ራሱን የቻለ ማጫወቻ ግዛ» ይሉኛል። ብር እያጠራቀምኩ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፤ ብሩን ግን ገና አታውጣው። ማጫወቻ ብትቀይር ሽሽታው የትም አይሄድም። እንዲያውም ጥሩ ማጫወቻ ላይ የበለጠ ጎልቶ ነው የሚሰማህ።

«ጭብጨባው ሲመጣ» ያልካት ነገር ችግሩ የት እንዳለ ነገረችኝ። ካሴቶችህ የተገለበጡት ኤምፒ3 በሚባለው የፋይል ዓይነት ሳይሆን አይቀርም፤ ኤምፒ3 ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ ብዙም አያስተውለውም ተብሎ የታሰበውን ድምፅ እየጣለ ነው። አንድ ሰው በክራር ብቻ ሲዘፍን ጉዳቱ ያን ያህል አይታወቅም። ጭብጨባ ግን ሌላ ነው። አንዱ ጭብጨባ በጣም አጭር ነው፣ ውስጡ ግን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሁሉም ድምፅ አለ፤ መንዙማ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ ላይ ያጨበጭባል፣ አንዱ ትንሽ ይቀድማል፣ ሌላው ትንሽ ይዘገያል። በጣም የተጨመቀ ፋይል ይህን ሁሉ መያዝ ያቅተዋል። ያኔ ጭብጨባው ይቀልጥና ሽሽሽ ይሆናል። ማሲንቆውም ያው ነው፤ ጭራ ከጭራ ሲፋተግ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ሲቆረጥ የሚተርፈው ያ አንተ ቆርቆሮ ያልከው ነው።

እኔ አንድ ማታ አንድ የመንዙማ ካሴት ሁለት ጊዜ ገልብጬ አወዳድሬያለሁ። አንዱን በ128 ኪሎቢት ኤምፒ3 (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፋይሉ የበለጠ ተጨምቋል ማለት ነው)፣ ሌላውን ምንም ድምፅ ሳይጣል በሚያስቀምጠው በፍላክ። የባጃጅ ድምፅ እንዳይረብሸኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ፍላኩ ላይ መዳፉን ሰብሰብ አድርጎ የሚያጨበጭበውንና ዘርግቶ የሚያጨበጭበውን መለየት ይቻላል። ከተቀባዮቹ አንዱ ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ድቤው ሲመታ ቆዳው ሲርገበገብ ይሰማል። በ128ቱ ላይ ዜማው አለ፣ ግጥሙም አለ፣ ሰዎቹ ግን የሉም፤ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ክፈትና ቢትሬታቸውን፣ ማለትም ያንን የኪሎቢት ቁጥር እይ። 128 ወይም ከዚያ በታች ካለ ነገሩ አለቀ፣ ጥፋቱ የስልክህ አይደለም። እባክህ ደግሞ ማንም «ወደ ፍላክ እቀይርልሃለሁ» ብሎ ብር እንዳይቀበልህ። አንዴ ውሃ የገባበት ወተት ትልቅ ቅል ውስጥ ቢገለበጥ ወተቱ አይጨምርም። የተጣለው ድምፅ ተጥሏል፤ ፋይሉ ብቻ ነው የሚወፍረው።

ደስ የሚለው ነገር ካሴቶቹ አሁንም ቤት ውስጥ አሉ። እንደገና ገልብጣቸው፣ ከቻልክ በራስህ እጅ። ከማጫወቻው የበለጠ የምለምንህ ይህንን ነው፤ ካሴት እየቆየ ይጎዳል፣ ያንን ድምፅ ሌላ ቦታ ላታገኘው ትችላለህ።

ደህና የሚሠራ ቴፕ ፈልግ፤ ዘመድ ቤት ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ አይጠፋም። ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ትንሽ ብረት፣ በጥጥና ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረገው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ አትደንግጥ፣ ከካሴቶቹ የረገፈ ነው። ሽቶ እንዳትጠቀም። የጎማውን ሮለር እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ከዚያ ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ብሎን ፈልግ። ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ ወዲህና ወዲያ ስታዞራት ድምፁ ድንገት የሚጠራበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተዋት። ካሴቱ የተቀዳው በሌላ ቴፕ ስለሆነ የሁለቱ ሄዶች አቀማመጥ ሳይገጥም ሲቀር ነው ቀጭኑ ድምፅ የሚታፈነው። ብዙ ሰው «ካሴቱ አርጅቷል» ብሎ የሚተወው በዚህች ብሎን ምክንያት ነው። ድምፁ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ ቀበቶው ላልቷል ማለት ነው፣ ቴፕ የሚጠግን ሰው ይቀይርልሃል።

ከቴፑ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኝ። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ግን አይሆንም፣ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙን አንድ ያደርገዋል። ስቴሪዮ የሚያስገባ ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይሻላል። ኦዳሲቲ የሚባል ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት ቅዳው፤ ይህ የሲዲ ልክ ነው፣ ለካሴት ከበቂ በላይ ነው። 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ ምናምን የሚሉህን አትስማ፣ ተራ ካሴት ያን የሚሞላ ነገር የለውም። ድምፁ ጫፍ ነክቶ እንዳይሰበር ትንሽ ዝቅ አድርገህ ቅዳ። ሲያልቅ በፍላክ አስቀምጥ። 4 ደቂቃ ዘፈን በ128 ኤምፒ3 ወደ 4 ሜጋባይት ነው፣ በ320 ወደ 10፣ በፍላክ ደግሞ 25 አካባቢ። 64 ጊጋባይት ሚሞሪ እንዲህ ያለ ፍላክ ከ2,000 በላይ ይይዛል፤ ለአባትህ ሠላሳ ካሴት ተርፎ ይተርፋል።

አሁን ወደ ኢርፎኑ። ካጠራቀምከው ብር ትልቁን ድርሻ እዚህ አውለው። ማጫወቻ ከማጫወቻ የሚለይበት ልዩነት ትንሽ ነው፤ ኢርፎን ከኢርፎን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አብረው የሚመጡትን ጎማዎች ሁሉንም ሞክራቸው። ጎማው ጆሮህን በደንብ ካልዘጋው ባሱ በክፍተቱ ይወጣል፣ አንተም «ኢርፎኑ ባስ የለውም» ትላለህ። ሳጥኑ ላይ ኦም የሚለውንም እይ፤ ኢርፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ነው። ከ16 እስከ 32 ያለውን ስልክም ትንሽ ማጫወቻም ያለ ችግር ያንቀሳቅሰዋል። 250 ወይም 300 የሚለው የስቱዲዮ ሄድፎን ነው፤ ስልክ ላይ ስትሰካው ድምፁ ሊያንስብህ ይችላል።

ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ ስልክህ ራሱ ሊበቃህ ይችላል፣ ከልቤ ነው። የኢርፎን ቀዳዳ ከሌለው ከታይፕ-ሲ ወደ ኢርፎን የምትቀይረውን አጭር ገመድ ግዛ፤ ውስጧ ዳክ አላት፣ ማለትም ቁጥሩን ወደ ድምፅ የምትለውጥ ቺፕ። የአፕሏ በጣም ጥሩ ናት፣ ብዙ አንድሮይድ ስልክ ላይ ግን ድምፅ ትቀንሳለች፤ ሳትሞክር አትግዛ።

ራሱን የቻለ ማጫወቻ የምመክርህ ለሌላ ምክንያት ነው። ስልክ አይደወልበትም። መብራት ሲጠፋ የስልክህን ቻርጅ አይበላብህም። ቁልፍ ያለው ከሆነ ኪስህ ውስጥ ሆኖ በዳበሳ ትቀይራለህ። አባትህም ያለ አንተ እርዳታ ሊጠቀምበት ይችላል። ሶኒ አሁንም ዎክማን በሚለው ስም ይሠራል፤ ያ ስም ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ፊኦና ሃይቢ የሚባሉ የቻይና ድርጅቶች ከሶኒ በረከስ ያለ አላቸው፣ ለአንተ የሚሆንህ እነሱ ውስጥ ያለው ትንሹ ነው። አይፖድ ግን ይቅርብህ። አፕል በ2022 እ.ኤ.አ. መሥራት አቁሟል፣ የምታገኘው ባትሪው የደከመ አሮጌ ነው፣ ሚሞሪም አይቀበልም።

ሱቅ ስትሄድ የራስህን ኢርፎንና የራስህን ሚሞሪ ይዘህ ሂድ፣ አዲስ የገለበጥከውን መንዙማ ጨምረህ። ፍላክ ያጫውታል ወይ? መጀመሪያ እሱን እይ። ከዚያ ዘፈን ቆም አድርገህ ድምፁን ጨምርና አድምጥ፤ የሚንሾካሾክ ነገር ካለ ማታ ጸጥ ሲል ያስመርርሃል። ባስ መጨመሪያውን አጥፋው። ሁለት ማጫወቻ ስታወዳድር ድምፃቸውን እኩል አድርግ፤ ጆሮ ሁሌም ትንሽ የጮኸውን «ይሻላል» ይላል፣ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ።

ሚሞሪ ላይ ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ 256 ጊጋ የሚል ሚሞሪ ከአንድ ሱቅ በርካሽ ገዝቼ፣ ሙሉ ሌሊት ስገለብጥ አድሬ፣ ጠዋት ከተወሰነ ዘፈን በኋላ ያለው ሁሉ አልከፍት አለኝ። ፎርጅድ ነበር፤ 256 ነኝ ይላል እንጂ ውስጡ ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። አንተ ከመተማመንህ በፊት ጢም አድርገህ ሙላውና መጨረሻ የገቡትን ክፈታቸው። የካሴቶቹን ቅጂ ደግሞ ሌላ ቦታም አስቀምጥ፣ ኮምፒውተር ላይ፣ ወንድምህ ጋ፣ የትም ይሁን።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ፣ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ባለ ገመድ ይሻላል ወይስ ብሉቱዝ? ባለ ገመዱ ድምፁ ጥሩ ነው ይባላል።

መልስ፦ እህቴ፣ እቤት ቁጭ ብለሽ ከሆነ ባለ ገመዱ ይሻላል፣ በተመሳሳይ ዋጋም የተሻለ ድምፅ ታገኚበታለሽ። ብሉቱዝ ድምፁን በመንገድ ላይ እንደገና ይጨምቀዋል። ምን ያህል እንደሚጨምቀው የሚለየው ኮዴኩ፣ ማለትም የመጭመቂያው ዘዴ ነው። ኤስቢሲ ሁሉም ላይ አለ፣ ለአብዛኛው ሰው ደህና ነው። የሶኒው ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎቢት ያሳልፋል፣ ግን ስልኩም ኢርፎኑም ሁለቱም ኤልዳክ ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ብቻ ቢኖረው ዋጋ የለውም። በሐረጎ ቁልቁለት ሚኒባስ ውስጥ እየተንገጫገጭሽ ከሆነ ግን ልዩነቱን አትሰሚውም፣ የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ለመንገድ ብሉቱዙ ይበቃሻል።

ፋብሪካ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ልንገርሽ። ማሽን አጠገብ ገመድ ይዘሽ እንዳትቆሚ፣ ይጎትትሻል። ብሉቱዝም ቢሆን ሥራ ላይ አታድርጊ። የማሽኑን ድምፅ ለመብለጥ ስትይ ሙዚቃውን ሳታውቂው ትጨምሪያለሽ፣ የሚጠራሽንም ሰው አትሰሚም። ለዕረፍት ሰዓት አቆዪው።

ጥያቄ፦ እኔ የሐይቅ ነዋሪ ነኝ፣ እናት ነኝ። ልጄ ዕድሜው 16 ነው። ኢርፎን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ነው የሚያድረው። ስጠራው አይሰማም። ጆሮው ይጎዳ ይሆን?

መልስ፦ እትዬ፣ ስጋትዎ ልክ ነው፣ ጉዳዩ ግን ኢርፎኑ ሳይሆን መጠኑና ሰዓቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ይላል፤ ዴሲቤል የድምፅ ጩኸት የሚለካበት ነው። ወደ 90 ሲወጣ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል፣ በ100 ደግሞ 20 ደቂቃ አካባቢ። ለልጆች ከ80ውም ዝቅ ያለ፣ 75 ነው የተቀመጠው። ትንሽ በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በብዙ ያጥራል ማለት ነው፣ እንቅልፍ ወስዶት ሲያድር ደግሞ ማን ይቀንስለታል?

ቤት ውስጥ እንዲህ ያድርጉ። እሱ በሚሰማበት መጠን ላይ እንዳለ ከክንድ ርቀት ሆነው በተለመደው ድምፅዎ ያናግሩት። ካልሰማዎ በዝቷል። ብዙ ስልኮች ድምፁ ከዚህ እንዳያልፍ ብሎ የሚዘጋ ማስተካከያ አላቸው፣ አብራችሁ ክፈቱት፣ ልጁ ራሱ ያሳይዎታል። ለማታ ደግሞ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ሙዚቃውን የሚያጠፋ ሰዓት አለ፣ 30 ደቂቃ ላይ ያድርገው። ጎማው ጆሮውን በደንብ የሚዘጋ ኢርፎን ቢገዙለትም ይጠቅመዋል፤ የውጭው ድምፅ ሲቀንስ መጨመር አያስፈልገውም። ከሰማ በኋላ ጆሮው ውስጥ ጭው የሚል ነገር እንዳለ ይጠይቁት፣ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ። አለ ካለና በማግስቱም ካልተወው ወደ ሐኪም ይውሰዱት፣ አይዘግዩ።